ከበሩ ማዶ የመለሰው ድምፅ

«የለም፣ ባለቤት የለውም። የሕዝብ ዜማ ነው፤ ድሮ በሰርግ ላይ ይዘፈን የነበረ። ቅንብሩን ብቻ በእኔ ስም መዝግበው።»

ዘርትሁን ይህን ስትሰማ የተማሪ ሹራብ እጅጌ ከትከሻው ጋር እየገጠመች ነበር። እግሯ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመ። ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ በስልክ የሚያወራው ታላቅ ወንድሟ ይርሳው ነው፤ ባለቤት የለውም የሚለው ዘፈን ደግሞ «ጭቃው ያዘህ ወይ» ይባላል፤ የሠራችውም እሷ ናት። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። በእሷ በኩል መኪናው፣ ሰማያዊና ቀይ ዳማ ሹራብ የተከመረበት ጠረጴዛ፣ ክረምቱ ስላልወጣ ጠዋት ጠዋት የምትለኩሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ። በእሱ በኩል አልጋና በአንሶላ የተሸፈነ አሮጌ ኪቦርድ አለ። ይርሳው አዳማ ይጫወትበት የነበረው ሆቴል ባንዱን ሲበትን «ለጥቂት ጊዜ» ብሎ መጥቶ ነው እዚያ አልጋ ላይ የቀረው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ተቃርቧል፤ የክር ዋጋ ካምናው እጥፍ ሆኗል፤ ወላጆች ግን በአምናው ዋጋ ይከራከራሉ። ዘርትሁን ከዚህ ሁሉ ክርክር አንዱንም እንደዚያች ጠዋት ስልክ ከልቧ አላስገባችውም ነበር።

መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ይርሳው ሻይውን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ማን ነው የደወለልህ፣ ጋሼ?»

«የሙዚቃው ማኅበር ሰዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ መጥተው ባህል አዳራሽ እየመዘገቡ ነው። ከእንግዲህ ሆቴሉም፣ ሬዲዮውም፣ አውቶቡሱም ለሚያጫውተው ዘፈን በየዓመቱ ይከፍላል። ማኅበሩ ደግሞ ለግጥሙ፣ ለዜማው፣ ለቅንብሩ ባለቤት ያከፋፍላል።» ሻይውን አንዴ ፉት አለ። «ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው።»

«የግጥሙ ባለቤትስ?»

ይርሳው ወደ ብርጭቆው አየ። «ያኔ ካሴቱ ሲወጣ የሕዝብ ብለን አስጽፈናል እኮ።»

«ብለን?»

«አባባ በሕይወት ነበሩ፣ ዘርትሁን። የገብረሥላሴ ልጅ ዘፈን አወጣች ተብሎ ስማቸው በካሴት ላይ ይዙር? ለአንቺው ብዬ ነው። ልታገቢ ነበር።»

«አባባ ካረፉ ስንት ዓመታቸው ነው። ዛሬ ጠዋትስ ለማን ብለህ ነው?»

ይርሳው እንደገና ወደ ብርጭቆው አየ። እሷም አልደገመችም። በዚህ ቤት ብዙ ነገር የሚባለው እንዲህ ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ብርጭቆውን ያያል፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስለ ዳቦና ስለ መብራት ይወራል። ዘርትሁን የኤሌክትሪክ ምድጃውን አጠፋች፤ ነጠላዋን በሹራቧ ላይ ደርባ፣ የፕላስቲክ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። የጭላሎ ተራራ በደመና ተሸፍኗል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ከመናኸሪያው በኩል የአንድ ሚኒባስ ድምፅ ማጉያ ያንኑ ዘፈን እያጫወተ ነበር። ሠላሳ ዓመት በየመንገዱ ሰምታዋለች፤ ከዚያ ቀን በፊት ግን እንደ ሌላው አላፊ አግዳሚ ዝም ብላ ታልፈው ነበር እንጂ ቆማ አዳምጣው አታውቅም።

ባህል አዳራሹ ውስጥ ሰልፉ አጭር ነበር። ከፊቷ የቆመው የአንድ ሆቴል ባለቤት ከመዝጋቢው ጋር ይጨቃጨቃል። «ዘፈኑን በፍላሽ አስጭኜ ገዝቼዋለሁ። ደግሞ የምን ክፍያ ነው? ይልቅ እኛ ነን እያጫወትን ዝነኛ ያደረግናቸው፤ እነሱ ይክፈሉን» ይላል። መዝጋቢው ሌዊ የሚባል ቀጭን ወጣት ነው፤ የአሰላን ብርድ ስላልለመደው ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቷል። «ጌታዬ፣ ወንበሩንም ገዝተውታል፤ ሰው ግን ወንበሩን ፈልጎ አይደለም እርስዎ ቤት አምሽቶ የሚጠጣው» አለው በትሕትና። ሰውዬው ሊቆጣ ዳድቶት ሳቀ፤ የዓመቱን ክፍያ ጠይቆ፣ ሁለት ጊዜ አስደግሞ፣ «እስቲ ከሚስቴ ጋር ልመካከር» ብሎ ሄደ። ዘርትሁን ይህን ቆማ ስትሰማ ስለ ገንዘቡ አላሰበችም። የደነቃት ሌላ ነገር ነው። ሰው ባዶ አየር ላይ የለቀቀው ዜማ፣ በማያውቀው አዳራሽ፣ በማያውቀው ልጅ አንደበት እንዲህ ጠበቃ ማግኘቱ ደነቃት።

ተራዋ ሲደርስ ስሟንና የዘፈኑን ርእስ ተናገረች። ሌዊ ኮምፒውተሩን አየና ቅንድቡን አነሣ። «ይሄ ከሕዝብ የተወሰደ ነው ተብሎ በአቀናባሪው በኩል ጠዋት ተነግሮናል፣ እናቴ።»

«ከሕዝብ አልተወሰደም። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ዲክሲስ፣ የጓደኛዬ የሰኪና ሰርግ ላይ።» ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቃት የሚከተለውን ጨመረች። «ግጥሙ የኔ ነው። የዜማው መጥሪያም የኔ ነው። መልሱ ግን የኔ አይደለም።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሙሽራው ከበቆጂ ሲመጣ መኪናው በዝናብ ጭቃ ተይዞ፣ ሚዜዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሲመሽ ደረሱ። የሙሽሪት ወገን የሆኑት ሴቶች በልማዱ በሩን ዘግተው ከውስጥ እየዘፈኑ ሙሽራውን አናስገባም ይላሉ፤ የሙሽራው ወገን ደግሞ ከውጪ እየመለሰ ያሸንፋል። ያን ቀን ግን ጥበቃው ረዝሞ ሴቶቹ የሚያውቁትን ዘፈን ሁሉ ጨርሰው ነበር። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት የነበረችው ዘርትሁን በሩን በጀርባዋ ደግፋ፣ ያልነበረ ዘፈን ከአፏ አወጣች፤ ጭቃው ያዘህ ወይ፣ ወይስ ልብህ ከኋላ ቀረ የሚል። ከውጪ አንድ የወንድ ድምፅ ቃል አልባ መልስ ሰጠ፤ ዝቅ ብሎ የሚነሣ፣ መሐል ላይ የሚታጠፍ፣ ከእሷ ዜማ ጋር እንደ ሹራብ እጅጌና ትከሻ የሚገጥም። ደግማ ጠራች፤ ደግሞ መለሰ። በሩ ሲከፈት ሰው ተደባለቀና ማን እንደነበረ ሳታውቅ ቀረች። ከሰርጉ በኋላ ይርሳው ዘፈኑን ከእሷ ሰምቶ ከነመልሱ አቀናበረው፤ አንድ ዘፋኝም በካሴት አወጣው። ዛሬ በየሰርጉ ሰው እጁን አንሥቶ የሚጨፍረው ያ መልስ ሲመጣ ነው።

ሌዊ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ ዜማው ሙሉ የኔ ነው ካሉ ማንም አይጠይቅዎትም። ባለቤቱ ያልታወቀ ድምፅ አለበት ካሉኝ ግን የአቀናባሪው ቃል ነው የሚጸናው፤ ሙሉው ወደ ሕዝብ ይገባል። ከዚያ በኋላ መመለስ በጣም ከባድ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዘጋለን።»

ዘርትሁን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን እስክሪብቶ ለረጅም ጊዜ አየችው። ወስዳ ብትፈርም ሠላሳ ዓመት የተነፈጋትን በአንድ ደቂቃ ታገኛለች። ነገር ግን ወንድሟ በእሷ ላይ ያደረገውን፣ እሷም በዚያ ድምፅ ላይ ልታደርገው መሆኑ ነው። «ሳይዘጋ እመጣለሁ» አለችውና ወጣች።

ሰኪና ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላት። በጠባቡ ሱቅ ውስጥ የጨርቅ ጥቅሎች ጣራ ነክተዋል፤ ባለቤቷ ራሷ ከጥቅሎቹ መካከል የተቀመጠች ሌላ ጥቅል ትመስላለች። ዘርትሁንን ባየች ጊዜ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣለች።

«ሹራብ ልትለኪኝ ነው? እኔ እንኳን ተማሪነት አልፎብኛል።»

«ስለ ሰርግሽ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ሠላሳ ዓመት ዘገየሽ፤ ምግቡ አልቋል።»

«ከውጪ የመለሰልኝ ሰው ማን ነበር፣ ሰኪና?»

ሰኪና ሳቋን ገታች። ታጣጥፈው የነበረውን ጨርቅ ጉልበቷ ላይ አኖረች። «እኔ እኮ ፊቴን ተሸፍኜ ጓዳ ነበርኩ። ያን ድምፅ ስሰማ ለአክስቴ፣ ‹ሙሽራው እሱ ከሆነ በሩን ክፈቱለት› አልኳት። ሲከፈት የገባው ባሌ ነው። ይኸው ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳን ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም።» ስልኳን አነሣችና ደወለች። «አንተ፣ ያ በድምፁ ያታለለኝ ጓደኛህ ማን ነበር? ... ኧረ ተወኝ፣ አሁን ልለውጥህ አይደለም፤ ዘርትሁን ፈልጋው ነው። ... ኸይሩ? የትኛው ኸይሩ?» አዳመጠች፤ ስልኩን ዘጋች። «ኸይሩ ጎሚስታው። በበቆጂ መውጫ፣ ወፍጮውን አለፍ ብለሽ። ከሰርጉ በኋላ ባሌም ብዙ አላገኘውም፤ ጅማ ነበረ፣ ዲላ ነበረ፣ አሁን ተመልሷል አሉ።» ዘርትሁን ልትወጣ ስትል ሰኪና ጠራቻት። «ደግሞ ገንዘቡን ስትቀበሉ፣ ሰርጉ የኔ መሆኑን እንዳትረሱ።»

ባጃጁ እስከ መውጫው ሁለት መቶ ብር ጠየቀ። በሌላ ቀን ቢሆን ዘርትሁን ተከራክራ፣ ተናዳ፣ በእግሯ ትሄድ ነበር፤ ዛሬ ከፈለች። ከተማው አልቆ የገብስ ማሳ በሚጀምርበት ቦታ፣ አሮጌ ጎማ በተደረደረበት ቆርቆሮ ቤት ፊት ለፊት ወረደች። አንድ ሽበታም ሰው በቁመቱ ከተሰነጠቀ በርሜል ላይ አጎንብሶ፣ የተነፋ የጎማ ካላማዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከረ፣ አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። አላያትም። ዘርትሁን መንገዱን ሁሉ ምን ብላ እንደምትጠይቀው ስታስብ መጥታ ነበር፤ ብትጠይቀው እኔ ነኝ ሊል ይችላል፤ አይደለሁም ሊልም ይችላል፤ በሁለቱም እርግጠኛ መሆን አትችልም። ስለዚህ አልጠየቀችውም። የዜማዋን መጥሪያ፣ ያንን የመጀመሪያውን ሐረግ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አለችው።

ሰውዬው ቀና አላለም። እጁን ከውሃው አላወጣም። ጎኑን እንደሚያክክ ሰው ሳያስበው መለሰ፤ ዝቅ ብሎ የሚነሣ፣ መሐል ላይ የሚታጠፍ። ድምፁ አርጅቷል፤ መታጠፊያው ግን በካሴቱ ላይ ዘፋኙ እንዳደረገው አልነበረም። ዘፋኙ ያቀለለውን፣ እሷ ብቻ የምታስታውሰውን ያን ትንሽ መዘግየት በቦታው አኖረው። ከዚያ በኋላ ነው የሆነው የገባው። ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ካላማዳሪው ከእጁ ተንሸራቶ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ።

«አካም ኦልተኒ» አላት በኦሮምኛ ሰላምታ፣ ግራ እንደተጋባ። ቀጥሎ በአማርኛ፣ «ከውስጥ የነበሩት እርስዎ ነዎት?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ወላሂ ወፍራም ሴት ትመስሉኝ ነበር። ድምፅዎ በሩን ሞልቶት ነበር።»

ዘርትሁን ሳቀች። ኸይሩ በጨርቅ እጁን ጠራርጎ ጎማ ላይ አስቀመጣት፤ እሱም በሌላው ጎማ ላይ ተቀመጠ። መኪና ሁሉ ያንን ዘፈን እየከፈተ እንደሚመጣለት፣ ጎማ እየነፋ እንደሚሰማው፣ አንድ ቀን ለልጆቹ «ይሄ መልስ የኔ ነው» ቢላቸው «አባዬ ደግሞ» ብለው እንደሳቁበት፣ ከዚያ ወዲህም ደግሞ እንዳልተናገረው ነገራት። ለምን ያለ ቃል እንደመለሰ ስትጠይቀው አንገቱን ሰበር አደረገ። «አማርኛዬ ያኔ አልፈጠነም። እርስዎ ደግሞ ልብህ ከኋላ ቀረ ወይ አሉ። ጓደኛዬ ተሰደበ ብዬ ተናደድኩ። ቃሉን ሳጣ ድምፁን ሰጠሁ።» የመጣችበትን ስትነግረው ግን እጁን አራገበ። ማን ያምነኛል፣ ሱቁን ለማን ልተወው፣ ለአንድ ምሽት ጩኸት ምን ይከፈላል አለ። ዘርትሁን ተነሣች። «እርስዎ ካልመጡ የኔም የለም» አለችው። «ለገንዘቡ አይምጡ። ያንን የዘፈነ ሰው እንደነበረ ለማስመዝገብ ይምጡ።» ኸይሩ ጎማውን፣ መንገዱን፣ ከዚያ እሷን አየ። ቆርቆሮ በሩን ሳብ አድርጎ ዘጋው።

ባህል አዳራሹ ሲደርሱ ሌዊ ዕቃውን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ከጠረጴዛው ፊት ይርሳው ተቀምጧል፤ የቅንብሩን ሊፈርም መጥቶ ነው። እኅቱ ከአንድ ቅባት የነካካው ሰው ጋር ስትገባ ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ፤ ወንበሩ ላይ ግን ማን እንደሚቀመጥ ግልጽ ሳይሆን ሦስቱም ቆመው ቀሩ። ሌዊ ወደ ይርሳው ዞረ። «ከሕዝብ የተወሰደ ነው ብለውኝ ነበር። እነዚህ ሁለቱ የኛ ነው እያሉ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?» ይርሳው ብርጭቆ ፈለገ፤ በእጁ ብርጭቆ አልነበረም። ዘርትሁን አላጣደፈችውም፤ አልለመነችውምም። በመጨረሻ ይርሳው፣ «እኔ ካሴቱ ላይ ነበርኩ እንጂ በሩ ጋ አልነበርኩም» አለ። «በሩ ጋ የነበረውን እነሱ ያውቃሉ።»

«ጥሩ» አለ ሌዊ። «ለግጥም መቶ አለ፤ ለዜማ መቶ አለ። እንዴት ትካፈላላችሁ?»

«ሁሉንም እኩል» አለች ዘርትሁን ፈጥና። «ግጥሙንም ዜማውንም፣ ግማሽ ለእሳቸው።»

«ኧረ በአላህ» አለ ኸይሩ። «እኔ ከግጥሙ አንድ ቃል የለኝም። ከዜማውም አሥር ይበቃኛል።»

«አሥር ምን ያደርጋል? እንግዲያው ለእኔም ከዜማው አርባ ይበቃኛል።»

«አርባ አይሆንም፣ እርስዎ ይጨምሩ።»

«እርስዎ ይጨምሩ።»

ሁለቱም እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው፤ ምሳ ቤት ሒሳብ ልክፈል እኔ ልክፈል እንደሚሉ ሰዎች። ሌዊ ጣቶቹን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣ። «ሳምንቱን ሙሉ የሚጨምሩትን ሳስታርቅ ነበር፤ የሚቀንሱ ገና ዛሬ መጡልኝ። አርባና አሥር ሃምሳ ነው። የቀረው ሃምሳ የማን ነው?»

«ይቅር» አለ ኸይሩ።

«ይቅር የሚባል ቦታ የለም፣ አባቴ። ባለቤት ያልተጻፈበት ሁሉ ወደ ሕዝብ ነው የሚገባው። ግማሹን መልሳችሁ እየጣላችሁት ነው።»

ዘርትሁን ከልጅነቷ ጀምሮ የተማረችው ነገር ይህ ነበር፤ ለእኔ ትንሽ ይበቃኛል ማለት። አባቷ ወደዋት ነበር በዚህ፤ ያኔ ያገባችው ባሏ ወዷት ነበር በዚህ፤ ሠላሳ ዓመት ወንድሟን ያልጠየቀችውም በዚህ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከቤት የወጣችው እውነቱ እንዲጻፍ ነው፤ አሁን ደግሞ በትሕትናዋ ሌላ ያልሆነ ነገር ልታስጽፍ ነው። ያልሠራውን ግጥም ለኸይሩ ብትሰጠው ስጦታ ይመስላል፤ ነገር ግን ያን ቀን በሩ ጋ የሆነው እንዲያ አይደለም። እጇን ከደረቷ አወረደች።

«ግጥሙ የኔ ነው» አለች። «ሙሉውን ጻፈው። ዜማው የሁለታችን ነው፤ እኩል። ከዚህ አይቀንስም፣ አይጨምርም።»

ኸይሩ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አይቶ ተወው። «እኩል» አለ እሱም፣ ቃሉን እንደሚለካ ሰው።

ሌዊ መጻፍ ጀመረ። «ግጥም፣ መቶ፣ ዘርትሁን...» አለና የአባቷን ስም ሊጠይቅ ቀና አለ። ዘርትሁን መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት፣ ከኋላዋ ቆሞ የነበረው ይርሳው ቀደማት።

«ገብረሥላሴ» አለ፤ አዳራሹ ጫፍ ላይ ያሉት ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ። «ዘርትሁን ገብረሥላሴ። እኅቴ ናት።»